ያለ መንግሥት ፈቃድ የሰው አገር ስለ መውረር

ጦር የማንሣት ሥልጣን የማን ነው? ይህ ጥያቄ ነገሥታትንና መማክርትን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ነገር ግን ታሪክን የመረመረ ሰው እንደሚረዳው፥ ከንጉሡ ይልቅ ባላገሩን፥ ከመኰንኑም ይልቅ ወደ ገበያ የሚሄደውን ነጋዴ የሚነካ ነው። መንግሥት በመንግሥት ላይ ጦር ቢያነሣ ስለ ምክንያቱ የሚጠየቅ አለ፤ ዕርቅ ሲሆንም የሚፈርም አለ። አንድ ጐበዝ ግን በገዛ ፈቃዱ ጓደኞቹን አሰልፎ፥ ጠመንጃውን አንግቶ፥ ወሰን ተሻግሮ የሰው አገር ቢወጋ፥ እርሱ ዘርፎ ቢመለስ ወይም እዚያው ሞቶ ቢቀር፥ ዕዳው በአገሩ ላይ ይወድቃል። ዕዳውንም የሚከፍለው አብሮት ያልዘመተው ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት የምናገኘው የስምዖንና የሌዊ ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። ሁለቱ ወንድማማች ስለ እኅታቸው ስለ ዲና ተቈጥተው፥ አባታቸውን ሳያማክሩ፥ ሰይፋቸውን ይዘው ሴኬም ከተማ ገቡና ወንዶቹን ገደሉ። ቍጣቸው ያለ ምክንያት ነበረ ማለት አይቻልም፤ እኅታቸው ተደፍራ ነበርና። ያዕቆብ ልጆቹን በወቀሰ ጊዜ ግን ያስታወሳቸው የቤተ ሰቡን ቍጥር ማነስና የአገሩን ሰዎች ብዛት ነው። ልጆቹ የተናገሩት ስለ ክብር ነበር፤ አባት የተናገረው በድንኳን ውስጥ ስለ ቀሩት ሴቶችና ሕፃናት ነበር። የመንግሥትም ሐሳብ በጎ ሲሆን እንደዚህ እንደ ያዕቆብ ሐሳብ ነው።

በዚህ ጽሑፍ መንግሥታት የግል ዘመቻን ለመከልከል ያደረጉትን ጥረት፥ ጥረታቸውም የት እንደ ተሳካና የት እንደ ደከመ ለወጣት አንባብያን በአጭሩ ለማስረዳት አስቤአለሁ። የውጭውን ታሪክ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር (እ. ኤ. አ.)፥ የአገራችንን ግን እንደ ራሳችን አቈጣጠር ጽፌዋለሁ። በዚህ ነገር መንግሥታት በሦስት ይከፈላሉ፤ ከልቡ የሚከለክል አለ፤ በአፉ እየከለከለ በዓይኑ የሚጠቅስ አለ፤ ሊከለክል ወድዶ እጁ የሚያጥርበትም አለ። ሦስቱንም በየተራ እንመልከት።

ነገሩን በሕግ ጽፎ ለመከልከል ከቀደሙት አንዱ የአሜሪካ መንግሥት ነው። በ1793 እ. ኤ. አ. ፈረንሳይ ከእንግሊዝና ከእስፓኝ ጋር በተዋጋች ጊዜ፥ ዤኔ የሚባል የፈረንሳይ መልእክተኛ አሜሪካ ደርሶ በአሜሪካ ወደቦች መርከብ ያስታጥቅ፥ የእስፓኝ ግዛቶች በነበሩት በፍሎሪዳና በሉዊዚያና ላይ የሚዘምት ሰውም ይመለምል ጀመር። አሜሪካ በዚያን ጊዜ ሠራዊቷ ጥቂት፥ ዕዳዋ ብዙ የሆነ አዲስ መንግሥት ነበረች። ሕዝቡም ፈረንሳይን ይወድ ነበር። ፕሬዚደንቱ ጆርጅ ዋሺንግተን ግን የሕዝቡን ስሜት ሳይሆን የአገሩን ዕድሜ ተመልክቶ፥ መንግሥቱ በጦርነቱ እንደማይገባ በሚያዝያ ወር ዐወጀ። በሚቀጥለው ዓመት በሰኔ 1794 ደግሞ ምክር ቤቱ ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት፥ በአሜሪካ ምድር ላይ ሆኖ ከአሜሪካ ጋር በሰላም በሚኖር አገር ላይ የጦር ዘመቻ የሚያዘጋጅ ወይም የሚጀምር ሰው እስከ 3,000 ዶላር መቀጮና እስከ 3 ዓመት እስራት ያገኘዋል። ሕጉ በ1818 ተሻሽሎና ተጠናክሮ ወጥቷል፤ ዋናው ድንጋጌ እስከ ዛሬ አለ።

በዚህ ሕግ ውስጥ አንድ ጥበብ አለ። ሕጉ ዘመቻው ወሰን ተሻግሮ ደም እስኪያፈስ አይጠብቅም፤ መሰናዳቱን ራሱን ይቀጣል። እሳት በጎረቤት ጎጆ ላይ ከተያያዘ በኋላ ፍሙን ይዞ የሄደውን ሰው ቢቀጡት ጎጆው አይመለስምና።

ሆኖም ሕግ ብቻውን በቂ አይደለም። ዊሊያም ዎከር የሚባል አሜሪካዊ በ1853 ጥቂት ታጣቂዎች ሰብስቦ የሜክሲኮን ምድር ወረረ። ሳይሳካለት ሲመለስ መንግሥቱ በሳን ፍራንሲስኮ ከሰሰው። ነገር ግን የከተማው ሰው እንደ ጀግና ይቈጥረው ስለ ነበር፥ ዳኞች ሆነው የተመረጡት ሰዎች ለስምንት ደቂቃ ያህል ብቻ ተመካክረው በነጻ ለቀቁት። ሕዝብ የሚያመሰግነውን ወንጀል ሕግ ሊቀጣው እንደማይችል በዚህ ታየ። ዎከርም በ1855 ስድሳ ያህል ሰዎች ይዞ ወደ ኒካራጓ ሄደ፤ በ1856 ራሱን ፕሬዚደንት አሰኝቶ፥ በዚያ አገር ቀርቶ የነበረውን ባርነት እንደ ገና ፈቀደ። የጎረቤት አገሮች ተባብረው እስኪያስወጡት ድረስ ብዙ ደም ፈሰሰ። ከጦሩ ሜዳ የተመለሱት የኮስታ ሪካ ወታደሮች ኮሌራ ይዘው ገብተው ስለ ነበር፥ በሽታው ጥይት ያልደረሰበትን እጅግ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። ዎከር ራሱ በ1860 በሆንዱራስ ተረሽኖ ሞተ። በሳን ፍራንሲስኮ በስምንት ደቂቃ የተሰጠው ፍርድ፥ ዳኞቹ አይተዋት በማያውቋት አገር ብዙ መቃብር አስቈፈረ።

በአፉ እየከለከለ በዓይኑ ስለሚጠቅስ መንግሥት ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ ምሳሌ እንውሰድ። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በታኅሣሥ 1888 ዓ. ም.፥ ይኸውም የዐድዋ ጦርነት ሁለት ወር ሲቀረው፥ ዶክተር ጄምሰን የተባለ እንግሊዛዊ አምስት መቶ ያህል ፈረሰኛ አሰልፎ የቦየሮችን አገር ትራንስቫልን ወረረ። ዘመቻውን ያሰናዳው በኬፕ ግዛት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ባለጠጋው ሴሲል ሮድስ ነበር። የተፈለገው በትራንስቫል ምድር የተገኘው ወርቅ ነው። ጄምሰን ከጥቂት ቀን በኋላ ዶርንኮፕ በሚባል ስፍራ ተከብቦ እጁን ሰጠ። የእንግሊዝ መንግሥት ዘመቻውን አወገዘ፤ ሮድስም ከሥልጣኑ ወረደ። ጄምሰን ለንደን ላይ በ1870 እ. ኤ. አ. በወጣው ሕግ ተከስሶ 15 ወር እስራት ተፈረደበት። ይህ ሁሉ መልካም ይመስላል። ነገር ግን ጄምሰን ታመመ ተብሎ ከጥቂት ወራት በኋላ ተፈታ፤ በ1904 እ. ኤ. አ. ደግሞ እርሱ ራሱ የኬፕ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ቦየሮች የጄምሰንን ቶሎ መፈታት አይተው ቅጣቱ ለይስሙላ እንደ ሆነ አመኑ፤ መሣሪያም መግዛት ጀመሩ። በ1899 እ. ኤ. አ. ጦርነት ተነሥቶ ሦስት ዓመት ያህል ቈየ፤ በእንግሊዞች የእስር ሰፈር ውስጥም በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሴቶችና ሕፃናት በረኃብና በበሽታ አለቁ።

ወደ አገራችን አካባቢ ስንመጣ ይህን የመሰለ ነገር በቀይ ባሕር መግቢያ ላይ እናገኛለን። ኒኮላይ አሺኖቭ የሚባል መስኮባዊ ራሱን የነጻ ኮሳኮች አለቃ ብሎ ሰይሞ፥ ኦርቶዶክሳዊት ኢትዮጵያን እረዳለሁ እያለ በመስኮብ አገር ገንዘብና ሰው ይሰበስብ ነበር። በቤተ መንግሥቱ አካባቢ የነበሩ አንዳንድ ሹማምንትና የቤተ ክህነት ሰዎች ደገፉት። በ1881 ዓ. ም. 150 ያህል ሰዎች፥ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር ይዞ፥ አባ ፓይሲ ከተባሉ መነኵሴ ጋር በታጁራ ወረደ፤ ሳጋሎ የሚባለውን አሮጌ ምሽግ ይዞም ባንዲራ ሰቀለ፤ ስፍራውንም «አዲሲቱ ሞስኮ» ብሎ ጠራው። ቦታው ግን የኔ ነው የሚል የፈረንሳይ መንግሥት ነበረ። ፈረንሳዮች የመስኮብን መንግሥት ጠየቁ፤ መንግሥቱም አሺኖቭን አላውቀውም አለ። የካቲት 11 ቀን 1881 ዓ. ም. የፈረንሳይ የጦር መርከቦች ሳጋሎን በመድፍ ደበደቡ። ከሞቱት መካከል ሴቶችና ሕፃናት ነበሩበት፤ የተረፉትም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

እንግዲህ ፍረዱ። አሺኖቭ ሲሰናዳ ያዩትና ያመሰገኑት ታላላቅ ሰዎች፥ መድፍ ሲጮኽ አናውቀውም አሉ። በዓይን የሚጠቅስ መንግሥት ጠባዩ ይህ ነው፤ ነገሩ ቢሳካ ትርፉን ይወስዳል፤ ቢከሽፍ ሰውየውን ይክዳል። ጥቅሻ በወረቀት ላይ አይጻፍምና፥ ለሟች እናት ማስረጃ አይሆናትም።

አሁን ደግሞ ወደ ጎጃምና ወደ መተማ እንመለስ። ሳጋሎ ሲደበደብ ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ሊወድቁ ሃያ ቀን ቀርቷቸው ነበር። የመተማ ጦርነት የመንግሥታት ጦርነት እንጂ የግል ዘመቻ አልነበረም። ነገር ግን የተነሣበት መንገድ የጠረፍ ወረራ ምን እንደሚያስከትል ያሳያልና ላስታውሳችሁ። ደርቡሾች በሱዳን ከበረቱ በኋላ፥ በመተማ የተሾመው አለቃቸው ወድ አርባብ ወደ ኢትዮጵያ ወሰን እየገባ ይዘርፍ ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጥር 1879 ዓ. ም. ጦራቸውን ይዘው መተማን መቱ፤ ወድ አርባብንም ገደሉት። የደርቡሾቹ ገዢ ኸሊፋ አብዱላሂ ደግሞ ሌላ ጦር ላከ፤ ለንግድ መተማ የወረዱ የሐበሻ ነጋዴዎችም ተይዘው ወደ ኦምዱርማን ተነዱ። በጥር 1880 ዓ. ም. አቡ አንጃ እጅግ ብዙ ሠራዊት ይዞ ገባ፤ በደምቢያ ሳር ውሃ ላይ የጎጃምን ጦር ድል አደረገ፤ ጎንደር ገብቶም አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ። የንጉሡ ቤተ ሰብ ሳይቀር ተማረከ። ከዚያ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር መክረውብኛል ብለው በ1881 ዓ. ም. መጀመሪያ ጎጃም ገቡ፤ አገሩም ተዘረፈ። መጋቢት 1 ቀን ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ቈሰሉ፤ ወዲያውም ሞቱ።

ከጠረፍ ዝርፊያ እስከ ንጉሠ ነገሥት ሞት የቈየው ጥቂት ዓመት ብቻ ነው። ዳር ሲፈታ መሐል ዳር ይሆናል ያሉ አባቶች በከንቱ አልተናገሩም። በምዕራብ ጎጃም ማሳውን የሚያርስ ገበሬ ወድ አርባብን አያውቀውም ነበር፤ በሬው የታረደበትና ጎተራው የተራገፈበት ግን እርሱ ነው።

እጁ ስለሚያጥር መንግሥት ማስረዳት የምንችለው ከዚህ በኋላ ከመጣው ታሪካችን ነው። ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ. ም. የሱዳንን ወሰን፥ በ1900 ዓ. ም. ደግሞ የኬንያን ወሰን በውል ለዩ። ወሰኑ በወረቀት ላይ ተሰመረ እንጂ በምድሩ ላይ የሚጠብቀው አልነበረም። ከማጂ እስከ ቦረና ባለው ጠረፍ፥ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ዝሆን ለማደን፥ ከብት ለመንዳት፥ ሰው ለመፈንገል ወደ ሱዳንና ወደ ኬንያ ምድር እየተሻገሩ ይመለሱ ነበር። በዚያ በኩል የነበሩ ጐሣዎችም ወደ እኛ ይሻገሩ ነበር።

መንግሥት ለምን አልከለከለም? ብዙ ጊዜ ከልክሏል፤ ግን ሦስት ነገር እጁን ያዘው። አንደኛ፥ በጠረፍ የተመደበው ወታደር ደመወዝ አልነበረውም፤ ከባላገሩና ካገኘው ነገር ይኖር ነበር። ደመወዝ የሌለውን ወታደር አትዝረፍ ማለት፥ ሣር ያልሰጡትን በሬ እረስ እንደ ማለት ነው። ሁለተኛ፥ ከዐድዋ በኋላ ሰናድርና ውጅግራ በየቤቱ ገብቶ ነበር፤ የዝሆን ጥርስና የባሪያ ዋጋም ጠመንጃ ላለው ሰው ትልቅ ፈተና ሆነ። ሦስተኛ፥ መንገድ አልነበረም። የአዲስ አበባ ትእዛዝ ማጂ እስኪደርስ ብዙ ሳምንት ይፈጃል፤ በክረምት ወንዝ ሲሞላ ደግሞ ፈጽሞ አይደርስም። የጠረፉ ሹም ራሱ ከዘረፋው ድርሻ ያለው ሲሆንማ ትእዛዙ ቢደርስም እንዳልደረሰ ሆነ።

እንግሊዞች በማጂና በሜጋ ቈንሲል አኖሩ፤ ጠረፍ በተደፈረ ቍጥርም በአዲስ አበባ አቤቱታ ያቀርቡ፥ ካሣም ይጠይቁ ነበር። ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ በነበሩ ጊዜ፥ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ. ም. ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን፥ ባሪያ ንግድን ለማጥፋትና የመሣሪያን ንግድ ለመቈጣጠር ቃል ገባች። በዚያው ዓመት መጋቢት 22 ቀን ባሮችን ነጻ ስለ ማውጣት ዐዋጅ ወጣ። በ1922 ዓ. ም. ደግሞ ስለ ጦር መሣሪያ ከእንግሊዝ፥ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ይህ ሁሉ የቅን መንግሥት ሥራ ነው። ዐዋጁ ግን ይፈጥን ነበር፤ ሹሙ ይዘገይ ነበር።

የዘገየውም ነገር ዋጋ አስከፈለን። ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር ቈርጣ ከተሰናዳች በኋላ፥ ነሐሴ 29 ቀን 1927 ዓ. ም. መልእክተኛዋ ባሮን አሎይዚ በዤኔቭ ረጅም የክስ ጽሑፍ አቀረበ። ጽሑፉ ኢትዮጵያ ባርነትን አላጠፋችም፥ ወሰኗን ልትጠብቅ አትችልም፥ ስለዚህ ከሠለጠኑ መንግሥታት እኵል ልትቈጠር አይገባም የሚል ነበር። ይህ ክስ ግብዝነት ነው። ኢጣልያ ራሷ ባንዳ የሚባሉ ታጣቂዎችን እያሰማራች ወደ ኦጋዴን ዘልቃ ነበር፤ ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ. ም. በወልወል የተኰሰችውም በእኛ ምድር ላይ ሆና ነው። የወረራዋ ምክንያት የማጂ ዘራፊ አልነበረም። ነገር ግን ወራሪ ሲመጣ ምክንያት ይፈልጋል፤ ከገዛ ቤታችን ያገኘውን ምክንያት ደግሞ ለዓለም ማስረዳት አይቸግረውም። በጠረፍ ዝሆንና ሰው ሲያድን የኖረ ያ ስሙ ያልታወቀ ባለ ጠመንጃ፥ ዤኔቭ የት እንደ ሆነች ሳያውቅ፥ በዤኔቭ በአገሩ ላይ ምስክር ሆነ። ከአንድ ወር በኋላ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ. ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ።

እስካሁን የጻፍሁትን ያነበበ ወጣት አንድ ጥያቄ ሊያቀርብልኝ ይችላል። «እንግዲያስ ወሰን ተሻግሮ የተበደለን መርዳትም ክፉ ነውን?» ይላል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ እኛው ራሳችን የተበደልን በነበርን ጊዜ ተፈትኗልና።

በ1927 ዓ. ም. የኢጣልያ ዝግጅት በተሰማ ጊዜ፥ በአሜሪካ የሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች ለኢትዮጵያ ሊዋጉ በብዙ ከተማ ይመዘገቡ ጀመር። ኢትዮጵያን የሚያውቋት ከመጽሐፍ ቅዱስና ከዐድዋ ዝና ነበር፤ ፍቅራቸው ግን እውነተኛ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1818 እ. ኤ. አ. የወጣውን ያንኑ ሕግ ጠቅሶ፥ በአሜሪካ ምድር ለባዕድ ጦር መመዝገብ እንደሚያስቀጣ አስጠነቀቀ። በእንግሊዝ ግዛት በጃማይካም ሰዎች ለኢትዮጵያ እንዝመት ብለው በጠየቁ ጊዜ፥ ጄምሰን የተፈረደበት የ1870 ሕግ መልስ ሆኖ መጣባቸው። ዎከርን ሊያቆም ያልቻለው፥ ጄምሰንን በጥቂት ወር የለቀቀው ሕግ፥ ለእኛ ሊሞቱ የወደዱትን ወንድሞች ግን በበር ላይ አቆማቸው። አሜሪካ ለሁለቱም ተዋጊዎች መሣሪያ እንዳይሸጥ የከለከለችውም ክልከላ እኵል ይመስላል፤ ኢጣልያ ግን መድፉንና አውሮፕላኑን በገዛ ፋብሪካዋ ትሠራ ነበር፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ጥይት እንኳ ከውጭ ታስገባ ነበር። ሕግ ሚዛኑ አንድ ሆኖ ሳለ ሸክሙ የተለያየ ሊሆን እንደሚችል በዚህ እንማራለን። ይህን መሰወር ለወጣት አይጠቅምም።

ታዲያ እነዚያ ወዳጆች ምን አደረጉ? አውሮፕላን ነጂው ጆን ሮቢንሰን ጭፍራ ሳያሰልፍ፥ በኢትዮጵያ መንግሥት ተጠርቶ ብቻውን መጣ፤ የአየር ኃይላችንንም አገለገለ። ከነጻነት በኋላም ተመልሶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን ሲያሠለጥን ኖረ፤ በ1946 ዓ. ም. በአውሮፕላን አደጋ ምክንያት በአዲስ አበባ ዐረፈ። ዶክተር መላኩ በያን በነሐሴ 1929 ዓ. ም. በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን አቋቁመው፥ ገንዘብ እየሰበሰቡ፥ ጋዜጣ እያሳተሙ፥ በየአዳራሹ እየተናገሩ፥ ጕልበታቸው እስኪያልቅ ደከሙ፤ በ1932 ዓ. ም. ነጻነቱን ሳያዩ በወጣትነታቸው ሞቱ። ጠመንጃ የተከለከለው ፍቅር ብዕርና መድኃኒት ሆኖ መጣ። ሕጉ ጕዳት ቢኖረውም በጎነትን ፈጽሞ አልዘጋውም፤ ሌላ በር እንዲፈልግ አደረገው እንጂ።

ንጉሠ ነገሥቱም በስደት ዘመናቸው ያደረጉት ይህንኑ የሚመስል ነው። በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ተቀምጠው ሲያመለክቱና ሲጠብቁ ቈዩ። በጎጃም፥ በሸዋ፥ በቤጌምድር አርበኞች ይዋጉ ነበር፤ እንግሊዝ ግን ከኢጣልያ ጋር ሰላም ስለ ነበረች በሱዳን በኩል ጦር እንዲገባ አልፈቀደችም። ኢጣልያ በሰኔ 1932 ዓ. ም. ወደ ጦርነቱ ስትገባ በሩ ተከፈተ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ወሰን ተሻግረው የገዛ አገራቸውን መሬት ረገጡ። የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደሮች ያሉበት፥ ጌዴዎን የተባለው ጦር ከአርበኞች ጋር ሆኖ ቡሬን አስለቀቀ፤ በደምበጫ ተዋጋ፤ ደብረ ማርቆስም በመጋቢት መጨረሻ ነጻ ወጣች። ያ ጦር ያለፈበት መንገድ እኛ ዛሬ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የምንሄድበት አካባቢ ነው።

አርበኞችስ ያለ መንግሥት ፈቃድ የተዋጉ የግል ጦር አልነበሩምን? አልነበሩም። በላይ ዘለቀና ሌሎቹ የጎጃም አርበኞች የተዋጉት በአባታቸው ምድር ላይ፥ ከባሕር ማዶ ከመጣ ወራሪ ጋር ነው። ቤቱ ሌባ የገባበት ሰው ዱላ ቢያነሣ ማንም አይወቅሰውም። የምንወቅሰው፥ ቤቱ ሰላም ሳለ ዱላውን ይዞ ጎረቤቱ ግቢ የሚገባውን ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያልለየ ሰው፥ አርበኛን ከሽፍታ፥ ሽፍታንም ከአርበኛ ጋር ያደባልቃል።

ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። በጠረፍ የሚኖር ሰው ከብቱ ቢነዳበት ዝም ይበል? ዝም አይበል። ግን ከብት ያልነዱበትን ሰዎች ሄዶ ቢገድል፥ የተነዳው ከብት አይመለስም፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ የወንድሙ ይነዳል። ፈለጉን ተከትሎ ለዳኛ ማመልከት፥ የሁለቱን ወገን ሽማግሌዎች ማገናኘት፥ ካሣ ማስከፈል፥ ነገሩ ሲከብድም መንግሥት ከመንግሥት እንዲነጋገር ማድረግ ይቻላል። ይህ ሁሉ ይዘገያል፤ የዘገየ ካሣ ግን ከፈጠነ በቀል ይሻላል። መንግሥት በበኩሉ ሰውን አትሂድ ማለቱ ብቻ አይበቃም፤ የሚከለክለውን ሰው ከብት ሊጠብቅለት ይገባል። የሚከለክል እንጂ የማይጠብቅ መንግሥት፥ ትእዛዙን ራሱ ያፈርሳል።

ከዚያ ወዲህ ዓለም ከዚህ ሁሉ ተምሮ ሕጉን አስፍቶታል። በ1949 ዓ. ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን፥ በኋላም በ1996 ዓ. ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፥ በኢትዮጵያ ምድር ሆኖ በባዕድ መንግሥት ላይ የጠላትነት ሥራ መሥራትን ይቀጣሉ። በ1955 ዓ. ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አባሎቹ አንዱ የሌላውን ወሰን እንዲያከብር አስማምቶ ነበር፤ በ1969 ዓ. ም. ደግሞ በሊብረቪል ቅጥረኛ ወታደሮችን የሚከለክል ስምምነት አጽድቋል። ወረቀቱ እንግዲህ አልጐደለም። የጐደለ ቢኖር ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የጐደለው ነው፤ ይኸውም ሕዝቡ በልቡ የሚሰጠው ፍርድ ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ ስለዚህ ነገሩ በእናንተ እጅ ነው። ጠመንጃ ይዞ ወሰን ተሻግሮ የተመለሰውን ሰው ስታዩ፥ የምታመሰግኑት ወይም የማታመሰግኑት እናንተ ናችሁ። ዘፈን የሚወጣለት ዘራፊ ነገ ብዙ ልጆች ይወልዳል፤ «ማን ላከህ? ዕዳውንስ ማን ይከፍላል?» ተብሎ የሚጠየቅ ዘራፊ ግን ብቻውን ይቀራል። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ሹመትም ጠመንጃም አያስፈልግም፤ ታሪክ ማወቅና በገበያ መካከል ድምፅን ከፍ አድርጎ መናገር ይበቃል። ትልቅ ሰው ቢጠቅስላችሁም ጥቅሻውን አትመኑ፤ በወረቀት ላይ ጽፎ ሊፈርምበት የማይደፍረውን ነገር ሕይወታችሁን አትስጡት፤ በሳጋሎ የወደቁት በጥቅሻ የተላኩ ናቸውና።

በምኖርበት በገበዝ ማርያም ዙሪያ ያለው ገበሬ የሚያርሰው ማሳ፥ ወንዶች ልጆች አባታቸውን ሳያማክሩ የዘመቱበትን ዘመን ዕዳ በአያቶቹ እጅ የከፈለ ማሳ ነው። በአቅራቢያችን ያለችው ከተማ ስም ፍኖተ ሰላም ነው፤ ትርጓሜውም የሰላም መንገድ ማለት ነው። መንገድ ደግሞ ለሚሄደውም ለሚመጣውም አንድ ነው፤ እኛ ወደ ጎረቤታችን ጦር የሰደድንበት መንገድ፥ ሌላ ቀን ጦር ይመጣበታል፤ ጨው የጫነ አህያ የሰደድንበትም ጨው ይዞልን ይመለሳል።